«ዓላማውን ሁልጊዜ እጽፋለሁ፤ ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው?» ከግቡ ስለሚጀምር የትምህርት ዕቅድ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። በክረምቱ ሥልጠና ላይ ዕቅድ ከመጨረሻው፣ ማለትም ተማሪው ሊደርስበት ከሚገባው ግብ ይጀምር ተባልን። እኔ ግን ዝርዝር ዓላማ ሳልጽፍ ክፍል የገባሁበት ቀን የለም፤ ከመምህሩ መምሪያ ላይ አውጥቼ እጽፈዋለሁ። ታዲያ አዲሱ ነገር ምንድን ነው? ተማሪዎቼ 68 ናቸው፤ መጽሐፉም ማለቅ አለበት። ቀጥሎ የማስተምረው ስለ አፈር መሸርሸርና አፈር ጥበቃ ስለሆነ በዚያው ምሳሌ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ዓመታዊ ዕቅዴን ግን አስገብቼ ጨርሻለሁ።»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ዓላማ መጻፍ ለአገራችን መምህር አዲስ አይደለም፤ አዲስ ነው ብሎ የሚያሠለጥን ሰው ካለ የመምህራንን የዕቅድ ደብተር ገልጦ አላየም ማለት ነው። ለሌላውም ዓለም ቢሆን የቆየ ነገር ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ራልፍ ታይለር ገና እ.ኤ.አ. በ1949 ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው አራት ጥያቄዎችን እንዲመልስ ጠይቆ ነበር። የምንፈልገው ግብ ምንድን ነው? ወደዚያ የሚያደርሰው የመማር ልምድ የትኛው ነው? ልምዶቹስ እንዴት ይደራጁ? ግቡ መመታቱ በምን ይታወቃል? እርስዎ በየሳምንቱ የሚሞሉትን ቅጽ ዓምዶች ከእነዚህ ጥያቄዎች ጎን ቢያስቀምጧቸው ዝምድናቸው ወዲያው ይታያል።

አሜሪካውያኑ የትምህርት ባለሙያዎች ግራንት ዊጊንስና ጄይ ማክታይ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት አሠራር፣ በሥልጠናው የሰማችሁት እርሱ ይመስለኛል፣ ከሁሉ በላይ የለወጠው ተራውን ነው። ታይለር መጨረሻ ላይ ያስቀመጠውን የማረጋገጫ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ተራ አመጡት። መጀመሪያ ግቡ ይለያል። ቀጥሎ፣ ስለ ማስተማሩ አንድም ነገር ሳይታሰብ፣ «ተማሪው እዚህ ግብ ላይ ደርሷል ብዬ የምቀበለው ምን ሲያደርግ ባየው ነው?» ተብሎ ማስረጃው ይጻፋል። የክፍሉ ሥራ የሚታቀደው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ መምህራን «ከመጨረሻው ጀምሩ» ሲባሉ ዓላማውን በገጹ አናት ላይ መጻፍ ማለት ይመስላቸዋል። እርሱንማ ድሮም እናደርገዋለን። ያላደረግነው ሁለተኛውን ነው። እንደ እኔ አመለካከት ማስረጃው ያልተጻፈለት ዓላማ ገና አልተጻፈም፤ ቅጹን ለመሙላት የተቀመጠ ዓረፍተ ነገር ነው።

ወደ እርስዎ ምዕራፍ እንምጣ። በዚህ ርዕስ ላይ በዕቅድ ደብተሮች የማነበው ዓላማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፦ «ተማሪዎች የአፈር መሸርሸርን ይገነዘባሉ» እና «የአፈር ጥበቃ ዘዴዎችን ይዘረዝራሉ»። የመጀመሪያው አይታይም፤ መገንዘብ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ ነገር ነውና። ለዚህም ሲባል በየሥልጠናው «ይገነዘባሉን ትታችሁ ይዘረዝራሉን ተጠቀሙ» ሲባል ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን በሁለተኛው ይበልጥ እሠጋለሁ። «ይዘረዝራሉ» ይለካል፣ እውነት ነው። የሚለካው ግን እጅግ ርካሽ ነገር ነው። እርከን፣ ክትር፣ ችግኝ መትከል፣ አግድም ማረስ ብሎ የዘረዘረ ልጅ የአባቱ ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሞ «እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ቢባል ዝም ሊል ይችላል። ግሡን መለወጥ ብቻውን ግቡን አያሳድገውም።

እንግዲህ ራስዎን ይጠይቁ። እነዚህ ልጆች ከዓመታት በኋላ ስለ አፈር የተማሩትን ሁሉ ረስተው አንድ ነገር ብቻ ቢቀራቸው ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ተማሪው ከዚህ በፊት ያላጠናውን ማሳ ሲያይ የዝናቡ ውኃ እዚያ ማሳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ለማሳው የሚስማማውን የጥበቃ ሥራ ይመርጣል፤ የመረጠበትንም ምክንያት ይሰጣል።» «ያላጠናውን» የሚለውን ቃል በቸልታ አይለፉት። ልጁ የሰማውን መልሶ ከነገረዎት የትውስታውን ጥንካሬ አይተዋል፤ የማስተዋሉን ግን ገና አላዩም። የቅኔ ቤት ይህን ከማናችንም አስቀድሞ ያውቃል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለያዘ ተቀኘ አይባልም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት። ማስረጃው አዲሱ ሥራ ነው።

አሁን ማስረጃውን እንጻፍ። አካባቢዎ ለዚህ የታደለ ነው። የጅሩ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት ላይ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ውኃ ወደ ታች መስረግ ስለሚያቅተው ላይ ይተኛል፤ የሰብሉም ሥር አየር ያጣል። በወረዳው ከተማ በእነዋሪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ስንዴያቸውን ለማዳን ሰፊ መደብና ቦይ እየሠሩ ውኃውን የሚያጠነፍፉት ለዚህ ነው። ከዚያው ሜዳ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው ተዳፋት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ውኃው አይተኛም፤ ይሮጣል፣ አፈሩንም ይዞ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። አንድ ወረዳ፣ አንድ ዝናብ፣ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች።

ስለዚህ የመዝጊያው ጥያቄ በአንድ ወረቀት ላይ የተሣሉ ሁለት ማሳዎች ይሁን። ማሳ «ሀ» ሜዳ ላይ ያለ ጥቁር አፈር፤ ማሳ «ለ» ቀላ ያለ አፈር ያለው ተዳፋት። ጥያቄው፦ «በሐምሌ ከባድ ዝናብ ዘነበ። በእያንዳንዱ ማሳ ላይ ውኃው ምን ያደርጋል? የማሳዎቹ ባለቤት ምክር ቢጠይቅህ ወይም ቢጠይቅሽ ለእያንዳንዱ ምን እንዲሠራ ትነግሩታላችሁ? ለምን?» የዚህ ጥያቄ ጥቅም ሽምደዳ የሚያዝበት ወጥመድ መሆኑ ነው። «አፈር በእርከን ይጠበቃል» ብሎ የሸመደደ ልጅ ለሁለቱም እርከን ይላል። እርከን ተዳፋቱን እየቆራረጠ የውኃውን ሩጫ እንደሚያሳጥር የገባው ልጅ ግን ሜዳው ላይ ሩጫ ስለሌለ እርከን ምንም እንደማያደርግ፣ እዚያ የሚያስፈልገው ውኃው የሚወጣበት ቦይ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱ ልጆች በ«ዘርዝር» ጥያቄ እኩል አሥር ከአሥር ያገኙ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህን ጥያቄ ለደብረ ሲና መምህር እንዳለ ቢሰጡት አይሆነውም። እዚያ ልጁ የሚያውቀው ገደሉን ነው፤ ውኃውም ከጣርማ በር በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው። ለእርሱ ሁለቱ ማሳዎች አንዱ ዛፍ ያለበት፣ ሌላው የተራቆተ ተዳፋት ቢሆኑ ይሻላል። ግቡ አንድ ሆኖ ማስረጃው እንደ ቦታው ይለያያል፤ መጽሐፉ ለክልሉ ሁሉ የተጻፈ ስለሆነ ይህን ሊያደርግልዎት አይችልም።

ጥያቄው ከተጻፈ በኋላ ማቀዱ ቀላል ይሆናል፤ እንዲያውም ራሱን በራሱ ያቅዳል ማለት ይቻላል። ጥያቄውን ይዘው «ልጁ ይህን ለመመለስ ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ወደ ኋላ ይሂዱ። ተዳፋት ሲጨምር የውኃው ፍጥነትና የሚሸከመው አፈር እንደሚጨምር ማየት አለበት። አፈር ሁሉ ውኃን እኩል እንደማያሰርግ ማየት አለበት። እያንዳንዱ የጥበቃ ሥራ በውኃው ላይ የሚያደርገውን ማወቅ አለበት፤ ስሙን ብቻ ማወቁ አይበቃም። ሦስት ነገር ነው፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው አንድ፣ ለሦስተኛው ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢሰጡ አራት ይሆናል። አምስተኛው ለጥያቄው ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቤተ ሙከራ አያሻም። አንድ የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ይሰንጠቅና በሁለቱም ግማሽ ውስጥ አንድ ዓይነት አፈር ይሙሉ፤ አንዱን አጋድለው፣ ሌላውን ጠፍጣፋ አስቀምጠው ክዳኑ በሚስማር በተበሳ የውኃ ፕላስቲክ እኩል ውኃ ያርከፍክፉ። ከመርከፍከፉ በፊት ግን ልጆቹ የሚሆነውን ይገምቱና ግምታቸውን በደብተራቸው ይጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይገምት ያየ ልጅ ትርዒት ነው ያየው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም ግማሾች ጠፍጣፋ አድርገው በአንዱ የሜዳውን ጥቁር አፈር፣ በሌላው አሸዋማውን ይሙሉና ከሥር በትንሹ በስተው የትኛው ቶሎ እንደሚያንጠባጥብ ያስተያዩ። ጥቁሩን አፈር ቀድመው ያርጥቡት፤ ደረቅ ከሆነ ውኃው በስንጥቁ ሾልኮ ያሳስትዎታል።

እዚህ ላይ የሚጣል ነገርም ይኖራል፤ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የ«አፈር» ትርጉም ከሰሌዳ ላይ መገልበጥ ለሁለቱ ማሳዎች ጥያቄ ምንም አይረዳም፤ ይቅር። የጥበቃ ዘዴዎችን በሙሉ መቁጠርም አያስፈልግም፤ አራቱን በደንብ ማየት ይበቃል። የችግኝ ተከላው ቀንስ? ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ችግኝ መትከል መልካም ሥራ ነው፣ አገርም ይጠቅማል። በትምህርት ዕቅድ ውስጥ የሚገባው ግን «ለምን እዚህ ቦታ ተከልን፣ ሥሩ ውኃውን ምን ያደርገዋል?» የሚለውን ሲመልሱበት ነው። አለዚያ ዊጊንስና ማክታይ ከለዩአቸው ሁለት የዕቅድ ጥፋቶች አንዱ ይሆናል፤ እጅ የሚያሠራ፣ አእምሮን ግን የማያሠራ ተግባር። ሁለተኛው ጥፋት ገጽ መጨረስ ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ።

ስለ ቅጹ አንድ ምክር። ዕለታዊ የዕቅድ ቅጹን ለመቀየር ከርእሰ መምህሩም ሆነ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አይከራከሩ፤ ምንም ችግር የለበትም። የሚሞሉበትን ተራ ብቻ ይለውጡ። አብዛኞቻችን ርዕሱንና ገጹን ጽፈን፣ ዓላማውን ገልብጠን፣ «የመምህሩ ተግባር» የሚለው ላይ «ገለጻ ማድረግ»፣ «የተማሪው ተግባር» የሚለው ላይ «ማዳመጥና ማስታወሻ መያዝ» እንላለን፤ የምዘናው ዓምድ ላይ ስንደርስ «የቃል ጥያቄ» ብለን እንዘጋዋለን። የትኛው ጥያቄ? አልተጻፈም። እርስዎ ከዓላማው በቀጥታ ወደ ምዘናው ዓምድ ይሂዱና ጥያቄውን ራሱን፣ ቃል በቃል፣ እዚያ ይጻፉ። ከዚያ የተማሪውን ተግባር፣ በመጨረሻም የራስዎን ተግባር ይሙሉ። የራስዎ ዓምድ ከሁሉ አጭር ሆኖ ካገኙት በትክክለኛው መንገድ ላይ ነዎት።

አሁን ወደ 68ቱ። ይህን ችግር አቅልለው የሚያወሩ ሰዎች 68 ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ 40 ደቂቃ ቆመው አያውቁም። በየቀኑ 68 ወረቀት ማረም አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በየዕለቱ ለማወቅ የሚፈልጉት የማንን ነጥብ ሳይሆን ነገ ወደፊት መሄድ ይቻል እንደሆነ ነው። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁና ልጆቹ በሩብ ቁራጭ ወረቀት ላይ በሁለት መስመር ይመልሱ። ቁጥር ሳይሰጡ፣ ሳያርሙ፣ እያነበቡ በሦስት ክምር ያስቀምጡ፦ የገባቸው፣ ግማሹ የገባቸው፣ ያልገባቸው። ሦስተኛው ክምር ወፍራም ከሆነ የነገው ዕቅድ ተለውጧል። ለዚህም ጊዜ ካጡ የአንድ ረድፍ ወረቀት ብቻ ይሰብስቡ፤ ረድፉን ግን በየቀኑ ይለዋውጡ።

በትምህርት ቤቶቻችን «ተከታታይ ምዘና» የሚባለው ከዚህ እንዴት እንደራቀ ሳስብ ይቆጨኛል። አምስት ከመቶ ለደብተር፣ አሥር ለቤት ሥራ፣ አሥር ለአጭር ፈተና እየተባለ ነጥብ ይሰበሰባል፤ በነጥቡ ምክንያት ግን የማስተማሩ አካሄድ ሲለወጥ አይታይም። ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ የማይለውጥ ምዘና መዝገብ ከመሙላት አያልፍም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ምክንያት ተደረደረ፤ ብዙዎቹም እውነት ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ከታች ጀምሮ በየክፍሉ ፈተና እያለፉ የመጡ ነበሩ። በየዓመቱ «አልፏል» ስንል ምን አይተን ነበር?

ይህን ስል «እንግዲያው ለፈተና ማስተማር ነው እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፣ መነሣቱም ጥሩ ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ማወቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ልጆቹ አይደሉም። ሁለቱን ማሳዎች በክፍል ውስጥ ከሣሏቸውና መልሱን ከነገሯቸው ጥያቄው በዚያች ቅጽበት ሞቷል፤ እንደገና የትውስታ ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ በሌላ ማሳ፣ በጀሪካኑ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጎርፍ ላይ ያለማምዷቸው። ችሎታው አንድ ይሁን፣ ሁኔታው ግን አዲስ። የስድስተኛ ክፍሉ ክልላዊ ፈተና ምርጫ ስለሆነ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል ለሚሉም፦ ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ከአራት አማራጮች ውስጥ ትክክለኛውን ለመለየት አይቸገርም፤ የሸመደደው ግን የጥያቄው አገላለጽ በትንሹ ሲለወጥ ይጠፋበታል።

«መጽሐፉ ማለቅ አለበት» ብለዋል። እስቲ ማን ነው የሚጨርሰው? አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን የሚጨርሰው መምህሩ ነው፤ ልጆቹ ምዕራፍ ሁለት ላይ እንደቆሙ ናቸው። በእናንተ አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ወንበሮች ባዶ ይሆናሉ። የገበያ ቀን አለ፣ የንግሥ በዓል አለ። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልሉ ብዙ ቦታ ትምህርት ጨርሶ የተቋረጠባቸው ወራት ነበሩ። ጊዜው ባጠረ ቁጥር መምህሩ ፍጥነት ይጨምራል፤ ተማሪው ግን ከእርሱ ጋር አይፈጥንም። ከግቡ የሚነሣ ዕቅድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ምን መተው እንደሚቻል ይነግርዎታል። በምዕራፉ ካሉት ርዕሶች ውስጥ ለዋናው ጥያቄ የግድ የሚያስፈልጉትን በቀይ ያስምሩ፤ ማወቁ የማይከፋውን በእርሳስ። ቀዩን በዝግታ ያስተምሩ። የእርሳሱን ለቤት ንባብ ይስጡ ወይም በአንድ ክፍለ ጊዜ ጠቅልለው ይለፉት። ክልላዊ ፈተና ከዚያም ሊያወጣ ስለሚችል ጨርሶ አይዝለሉት፤ ነገር ግን ከቀዩ ጊዜ አይስረቁለት።

ዓመታዊ ዕቅድዎን አይንኩት። እርሱ የሚለው የትኛው ምዕራፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚሰጥ ነው፤ ያ ደግሞ አልተለወጠም። ለጊዜው ሌሎቹን ምዕራፎች እንደ ድሮው ይያዟቸው፤ በዚህ በአፈሩ ምዕራፍ ብቻ ይሞክሩት። ጥያቄውን እንደጻፉ ከጎንዎ ላለው የአምስተኛ ክፍል መምህር ይስጡትና፣ ርዕሱን ሳይነግሩት፣ «ይህን የመለሰ ልጅ ምን ያውቃል ትላለህ?» ይበሉት። የሚሰጥዎት መልስ ከጻፉት ዓላማ ጋር ከተገጣጠመ ወደ ጀሪካኑ ይሂዱ። ካልተገጣጠመ ዓላማው ወይም ጥያቄው መታረም አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ነው። ሱፐርቫይዘሩ መጥተው የዕለቱ ርዕስ ከዓመታዊ ዕቅዱ በሁለት ገጽ ወደ ኋላ ቀርቷል ካሉ፣ በአስተያየት ዓምዱ ላይ የሦስቱን ክምሮች ቁጥር ጽፈው ያሳዩአቸው፦ «የገባቸው 21፣ ግማሽ 19፣ ያልገባቸው 28፤ ነገ ተዳፋቱን እደግማለሁ» የሚል መስመር።